ሲስተር ፀሐይወርቅና የድስቱ ቅባት

ሲስተር ፀሐይወርቅ መጀመሪያ ብርጭቆውን እስከ ግማሽ ውሃ ትሞላዋለች። ሁለት ማንኪያ የኑግ ዘይት ታፈስበታለች፤ ዘይቱ ላይ ተንሳፎ ይቀራል። ከዚያ አንድ ቁንጥር በርበሬ ትጨምርና አፉን በመዳፏ ከድና አሥር ጊዜ ትንጠዋለች። አስቀምጣው ትጠብቃለች። ጥቂት ቆይቶ ዝቃጩ ከሥር ይተኛል፣ ዘይቱ ቀልቶ ከላይ ይሰፍራል። ውሃው ከመደፍረስ በቀር ያን ቅላት አይዝም።

"አያችሁ? ቀለሙ የመረጠው ዘይቱን ነው። ውሃ አይሸከመውም" ትላለች።

ይህን ስታደርግ ቢያንስ ሠላሳ ጊዜ አይቻለሁ። የጤና ሠራተኞችን ከባሕር ዳር ወደ ሐይቁ ዳር መንደሮች የሚያመላልሰውን ጀልባ የምነዳውም፣ ሞተሩን የምጠግነውም እኔ ነኝ። ከዘይትና ከግራሶ ጋር ነው ውሎዬ። አንዱ ለምን እንደሚፈስ፣ አንዱ ለምን እንደሚረጋ የጠየቅሁት ግን እሷን ነው።

ሦስት ጣቶቿን ቀጥ አድርጋ አቆመች። "ቅቤ በለው፣ ሞራ በለው፣ ዘይት በለው፣ አሠራሩ አንድ ነው። አንድ ግንድና ሦስት ረጃጅም ጭራ። ጭራዎቹ ቀጥ ካሉ ተጠጋግተው ይደረደራሉ፤ ይረጋል።" አንዱን ጣት አጠፈች። "ይህ ከታጠፈ አይገጣጠሙም፤ ይፈሳል።"

"ለሰውነትስ ምን ይሠራል?"

"ስትራብ የምታነደው ነዳጅ ነው። ብርድ ይከላከልልሃል። የእያንዳንዱ ሕዋስ ሽፋን የሚሠራው ከሱው ዘመድ ነው። ዓይን የሚፈልገውንም ቫይታሚን 'ኤ' ከአንጀት የሚያሻግረው እሱ ነው።"

"ጀልባ ነው በይኛ!"

"አንተ ደግሞ ሁሉም ነገር ጀልባ ይመስልሃል።"

በ1977 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ከከተማው በጀልባ አንድ ሰዓት ከሚያስኬድ ደብር ደረስን። እናትዓለም የምትባል ሴት የአራት ዓመት ልጇን የብርጓልን ይዛ ቀረበች። ልጅቱ ቀን ደህና ትጫወታለች፤ ሲመሻሽ ግን ግድግዳ እየዳበሰች ነው የምትሄደው። ዳፍንት ይዟታል። ሲስተር የልጅቱን ዓይን ገልጣ አየችና ፊቷ ተለወጠ። የዓይኗ ነጭ መድረቅ ጀምሯል፤ ብሌኗ ከተነካ ብርሃኗ አይመለስም። መድኃኒቱ፣ የቫይታሚን 'ኤ' ክኒን፣ ደግሞ ከክሊኒኩ አልቋል፤ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል።

"ምን ታበያታለሽ?"

"ጎመን ነዋ! በየቀኑ ጎመን።"

"በምን ሠርተሽ?"

"በውሃና በጨው። ጾም አይደል እንዴ?"

ጎመኑ ለዓይን የሚሆነው አለው፤ የሚያሻግረው ዘይት ግን የለም። ሲስተር ለምርመራ ወደ ተሰበሰበው ሕዝብ ዞረች። ከቅዳሴ የወጡት ካህናትም ቆመው ይሰማሉ። "ስሙኝ! ያለ ቅባት ልጆቻችሁ አይድኑም!" አለች።

ሲስተር የሐረር ልጅ ናት። በጎጃም ቅባት ማለት የሚበላው ብቻ እንዳልሆነ፣ ካህናት ለዘመናት የተከራከሩበት የሃይማኖት ወገንም ስም እንደሆነ አታውቅም። "አይድኑም" ያለችው ከበሽታ ነው፤ እነሱ የሰሙት ከኩነኔ ነው። መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ መቋሚያቸውን አንሥተው፣ "መንግሥት ደግሞ ቅባት መስበክ ጀመረ?" አሉ። ሰው ተበተነ። እናትዓለምም ልጇን አዝላ ሄደች።

ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ጀልባው ይመለስ ነበር። እሷ "ምን አጠፋሁ?" ብላ ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። በሳቅ ፈነዳች። ወዲያው ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ብርጭቆዋን ይዛ መሪጌታ ደጅ ቆመች።

"የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ። የሰበክኩት የድስቱን ቅባት ነው።"

"የምኑን ድስት?"

"የኑጉን።"

"ኑግስ ጾመኛ ነው" አሉ፣ ሳቃቸውን በጋቢያቸው እየሸፈኑ።

ብርጭቆውን ናጠችላቸው። ጎንበስ ብለው ቀዩን ዘይት ትክ ብለው አዩት። "ይህንማ ዕድሜ ልኬን ከወጥ አናት ላይ ሳየው ኖሬ፣ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ዘይቱ ግን ከየት ይምጣ? ቀበሌው ካከፋፈለ ሦስት ወሩ።"

"ዘይቱ ይቅር፤ ኑጉ ይቆላ፣ ይወቀጥ፣ ጎመኑ ላይ ይጨመር። ዘይቱ እዚያው ውስጥ አለ።"

እናትዓለምን ያስጠሯት ራሳቸው ናቸው። "ስሚኝ ልጄ፣ ይቺ ሴት የምትሰብከው ኑግ ነው። ያለችሽን አድርጊ" አሏት።

መድኃኒቱ እንደመጣ ተመለስን። ሲስተር የክኒኑን ጫፍ በመቀስ ቆርጣ የብርጓል አፍ ውስጥ ጨመቀችው። ከውስጡ የወጣው ዘይት ነበር። "ይኸው፣ ፋብሪካውም ያለ ዘይት አላከውም!" አለች።

ከፋሲካ በኋላ ስንሄድ ፀሐይ ጠልቃ ነበር። የብርጓል በድንጋዩ መሀል እየሮጠች ወደ ዳር መጣች፤ አንዴም አልተደናቀፈችም።

"ክኒኑ ነው ኑጉ?" ብዬ ጠየቅሁ።

"ክኒኑ አነሣት፤ ኑጉ ዳግም እንዳትወድቅ ይይዛታል።"

ይህን እንደምጽፍ ስነግራት፣ "ስለ እኔ ማውራቱን ቀንስና ይቺን ንገርልኝ" አለች። እንዳለችው ላስቀምጠው፦ "እናንተ የምታነቡት፣ ልጃችሁ ሲመሻሽ ዕቃ ቢረግጥ፣ በር ቢስት፣ 'ደንባራ' ብላችሁ አትቆጡት። እባካችሁ፣ በማግስቱ አምጡልኝ።"