ንፍሮ በስኳር

ትዋበች ጠርጣራ ናት። ሐሜት እንዳይመስላችሁ፤ ራሷም አትክደውም። «ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር» የሚለው ለሌላው ሰው ተረት ነው፤ ለእሷ መተዳደሪያዋ ነው። ከሚግዳል ገበያ እንቁላል ስትገዛ አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አንሥታ ታያለች። ሐኪም «ምንም የለብሽም» ካላት፣ ምን ደበቀኝ ብላ ሌላ ሐኪም ፍለጋ ትሄዳለች።

የምትኖረው አሽኬሎን፣ ሺምሾን ሰፈር ነው፤ አሳንሰር በሌለው አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ደርሶ የሚባለው ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ያላት አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ በለጠ ይባላል። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲመጡ በጀርባዋ ያዘለችው የሁለት ዓመት ሕፃን ነበር። አሁን ሃያ ሊሞላው ነው፤ ወታደር ነው።

ሥራዋ ባርኔአ ውስጥ፣ አረጋውያን ቀን ቀን የሚውሉበት ቤት ነው። ወጥ ቤቱን ከያዘች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። እዚያ ከሞሮኮም፣ ከየመንም፣ ከሩሲያም፣ ከጎንደርም የመጣ ሽማግሌ አለ፤ ሁሉም ብርድ ሲገባ የእናቱን ወጥ ቤት ይመኛል። አገር ቤት ጥር የሠርግ ወር ነው። እዚህ ግን በጥር ዝናቡ ከባሕሩ በኩል አግድም ይመጣል፣ ነፋሱም በመስኮት ክፍተት እየተሽሎከለከ ይገባል፣ ሰው ሆዱን በትኩስ ነገር ካላሞቀ አይሆንለትም። ትዋበች ለሩሲያዎቹ ቀይ ሥር ከጎመን ጋር ትቀቅላለች። ለሞሮኮዎቹ ምስርና ሽንብራውን በቲማቲም ታወፍራለች። ለየመኖቹ የአጥንት መረቅ ሠርታ ሂልቤ ትጨምርበታለች። ሂልቤ የሚሉት የኛው አብሽ ነው፤ መጀመሪያ ቀን ሲሸታት «ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ የመጣሁት አብሽ ላገኝ ኖሯል» ብላ ስቃለች። ለጎንደሮቹ ሽሮ አለ፤ በዘይት ነው እንጂ፣ በአይሁድ ሕግ ሥጋ በሚሠራበት ወጥ ቤት ቅቤ አያስገቡም። ባጭሩ በዚያ ከተማ የማላውቀው የብርድ ምግብ የለም ብላ ታምን ነበር። አንድ ግን ነበር።

ያ ክረምት የጦርነቱ ክረምት ነው፤ በፈረንጆች 2009 መግቢያ ላይ። ከጋዛ የሚተኮሰው ሮኬት አሽኬሎን ይደርሳል፣ ከዚህም ጦሩ ወደዚያ ገባ። በለጠ ከገቡት አንዱ ነው። ሊገቡ ሲሉ ደወለላት።

«እማ፣ ስልካችንን ሊሰበስቡን ነው። አትጨነቂ፣ በሴዴር» አላት።

በሴዴር ማለት «ደህና ነው» ማለት ነው። ትዋበች ይህን ቃል አጥብቃ ትጠላዋለች። ትምህርት ቤት ተደባድቦ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ሲመጣ፣ በሴዴር። አባቱ በተቀበረ ማግሥት እንዴት አደርክ ስትለው፣ በሴዴር። በላህ ወይ? በሴዴር። እናት ከዚህ ምን ይዛ ትተኛ? እስቲ ፍረዱ።

የሚያንገበግባት ግን ሌላ ነገር ነው። ለእናቱ አንድ የሆነን ልጅ፣ ወላጅ ካልፈረመ በቀር፣ ወደ ግንባር አይልኩትም። በለጠ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ሦስት ሳምንት ለመናት። እንቢ ስትለው አኮረፈ። የሠራችውን ሁሉ «አልራበኝም» እያለ ከነሳህኑ ይመልስላት ጀመር። አንጀቷ አልቻለም፤ ፈረመች። ስሟን በዕብራይስጥ ፊደል መጻፍ የተማረችው በዚያው ዓመት ነበርና፣ ቀስ ብላ አሳምራ ነው የጻፈችው። አሁን እጇን ባየች ቁጥር ያ ፊርማ ይመጣባታል። «በገዛ እጄ» ትላለች፣ ሽንኩርት እየከተፈችም፣ አውቶቡስ እየጠበቀችም።

ከዚያ ስልክ በኋላ ስድስት ቀን ድምፁ ጠፋ። እሷም ስድስት ቀን እህል አልወርድላት አለ። ለሌላው ትሠራለች፣ ጨውና ቅመሙን በምላሷ ጫፍ ታያለች፣ መልሳ ትተፋዋለች። ልጄ ምን እንደበላ ሳላውቅ እንዴት አድርጌ ልዋጥ ትላለች። በሻይ ብቻ ሰነበተች።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ለሥራ ስትወጣ እትዬ ማሬን ደረጃ ላይ አገኘቻቸው። እትዬ ማሬ የታችኛው ቤት ጎረቤቷ ናቸው፤ ከአንድ መንደር የመጡ፣ ሰባ ያለፋቸው ሴት። ሰው ካገኙ ሩብ ሰዓት ሳይመርቁ አይለቁም። ያን ቀን ግን አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ ራሳቸውን ብቻ ነቅንቀው ሰላም ብለዋት ሹልክ አሉ።

ትዋበች ክው አለች። ምን ሰምተው ነው?

ስድስት ሰዓት ሲሆን አለቃዋ ወጥ ቤት ድረስ መጣች። «ትዋበች፣ ዛሬ ይብቃሽ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለቻት፤ ስትናገር ዓይን ዓይኗን አላየቻትም። ምድጃው ላይ የነበረውን እንኳ እኔ አወርደዋለሁ አለች። ይህች ሴት በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ድስት አውርዳ አታውቅም።

አውቶቡሱ ውስጥ ትዋበች ቁጭ ብላ ነገሩን ገጣጠመችው። በኛ አገር መርዶ በአፍ አይጀመርም። ባለቤቱ ሳይሰማ ጎረቤት ይሰማል። ይሸሹታል፣ ከሥራ ያስቀሩታል፣ ዘመድ ያሰባስባሉ፣ ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የተባለው ለዚህ ነው። ጦሩ መኮንኖች ልኮ በር እንደሚያንኳኳ ታውቃለች። ግን የሐበሻ ወግ የሚያውቅ ሰው መክሯቸው፣ አስቀድመው ሽማግሌዎቹን አናግረው ቢሆንስ?

ቤቷ ገብታ ካፖርቷን ሳታወልቅ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። አልተነሣችም። ካልከፈትኩ አልተነገረኝም፣ ካልተነገረኝ ልጄ አለ፤ እንዲህ ነው ያሰበችው። ደግሞ ተንኳኳ። በሦስተኛው ግድግዳውን ይዛ ሄዳ ከፈተች።

የቆመችው ሬይና ናት፣ ፊት ለፊት የምትኖረው። ሬይና ከቱርክ አገር፣ ከኢዝሚር የመጣች ሴት ናት፤ ከልጇና ከልጅ ልጇ ጋር ትኖራለች። ዓይኖቿ ቀልተዋል፣ አብጠዋል። በሁለት እጇ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ጎድጓዳ ሳህን ይዛለች። ለትዋበች አቀበለቻት።

ትዋበች የጨርቁን ጫፍ ገለጥ አደረገች። ስንዴ ነው። ሳይከካ፣ እንዳለ የተቀቀለ ስንዴ፣ እንፋሎቱ የሚወጣ፣ ከላዩ ነጭ ጨው የተነሰነሰበት።

ንፍሮ።

«ያጽአ» አለች ሬይና፣ እንባዋ ግጥም ብሎ። «ወጣች» ማለት ነው። «ያጽአ፣ ትዋበች፣ በመጨረሻ...»

የቀረውን የሮኬቱ ማስጠንቀቂያ ጩኸት ዋጠው። ለትዋበች ግን ምን ቀራት? ወጣች ከተባለ፣ የምትወጣው ነፍስ ናት።

ሕንፃው አሮጌ ነውና መሸሸጊያ ክፍል የለውም፤ ጩኸቱ ሲመጣ ሁሉም ወደ ደረጃው ነው። ሬይና እጇን ይዛ አወጣቻት። በሮች ተከፈቱ። ከላይ ሩሲያዊቷ ስቬታ ሁለት ድመቶች ታቅፋ ወረደች፣ የየመኑ ሽማግሌ አቶ ሳዲያ በፒጃማቸው መጡ፣ የሬይና ልጅ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጣብቃ ወጣች፣ እትዬ ማሬም ወደ ላይ እያለከለኩ ደረሱ። ትዋበች ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ደረጃው ላይ ዘጭ አለች። ከዚያ ጮኸች።

የማስጠንቀቂያው ጩኸት ሲያበቃ የእሷ አላበቃም። «ወይኔ በለጠ፣ ወይኔ አንድዬ፣ በገዛ እጄ ፈርሜ» እያለች ደረቷን ትመታለች። ሮኬቱ ራቅ ብሎ ሲፈነዳ ማንም ዞር አላለም። ስቬታ ድመቶቿን ለቃ አንገቷን አቀፈቻት። አቶ ሳዲያ ግድግዳውን ይዘው ጸሎት ጀመሩ። በዚያ ደረጃ ላይ የቆመ ሁሉ፣ መኮንኖቹ መጥተው ነግረዋት ሄደዋል ብሎ አመነ። ሬይና ራሷ፣ ሳህኑን ያመጣችው ሬይና፣ አፏን ይዛ ቀረች። እኔን አፈር ያድርገኝ፣ ኀዘን የገባበትን በር ነው እንዴ በዚህ ሳህን ያንኳኳሁት ብላ ከትዋበች ብሳ አለቀሰች።

ተመልከቱ እንግዲህ። ትዋበች፣ ሬይና ታውቃለች ብላ ታለቅሳለች፤ ሬይና፣ ትዋበች ታውቃለች ብላ ታለቅሳለች፤ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም።

እትዬ ማሬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙ ተጠጉ። «ማነው የነገረሽ?» አሏት።

«ይኸው» አለች ትዋበች፣ ሳህኑን እየገፋች። «እናንተ ፈርታችሁ በጎረቤት ላካችሁብኝ።»

እትዬ ማሬ ሳህኑን አዩት። ስንዴውን ሲያዩ እሳቸውም ደነገጡ። ግን አሮጊት አሮጊት ነች፤ ያየችውን ሳትቀምስ አታልፍም። ቆንጥረው አፋቸው ውስጥ ጣል አደረጉ። በድዳቸው አላመጡት። ቆም አሉ። ደገሙ።

«ስኳር ነው» አሉ።

ትዋበች ደረቷን መምታት አላቆመችም።

«ትዋበች፣ ስኳር ነው የምልሽ። ለውዝም አለበት። ለለቅሶ ንፍሮ ስኳር የሚጨምር የት አገር አለ?» ወደ ሬይና ዞረው በተሰባበረ ዕብራይስጣቸው ምንድነው ይሄ፣ ለምንድነው አሏት።

ሬይና መልስ መስጠት አፍራ ልጇን አየቻት። ልጅቷ ቀረብ ብላ የሕፃኗን የታች ከንፈር በጣቷ ዝቅ አደረገችው። ቀዩ ድድ ላይ አንዲት የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር ብቅ ብላለች።

«ሃጋር ጥርስ አወጣች» አለች ሬይና፣ ወንጀል እንደሚናዘዝ ሰው። «ሦስት ሌሊት ስታለቅስ አላስተኛችንም። ዛሬ ወጣች። በኛ ወግ የመጀመሪያ ጥርስ ሲወጣ ስንዴ ተቀቅሎ ለጎረቤት ይታደላል።»

ትዋበች ያላወቀችው አንድ ምግብ ይህ ነበር። እንዴት ታውቀው? አሥራ አንድ ዓመት ያበሰለችው ለአረጋውያን ነው። እዚያ ቤት ጥርስ የሚያወልቅ እንጂ የሚያወጣ የለም።

የእትዬ ማሬም ነገር እዚያው ወጣ፤ ያሠሩት ጥርስ ማታ ተሰብሮባቸው፣ ጠዋት በድዳቸው እንዳይታዩ ነው የሸሹት። የአለቃዋ ደግሞ ስቬታ ዘንድ ተገኘ፤ ሰው የሚሰበሰብበት ቤት ሁሉ ዛሬ እንዲዘጋ በሬድዮ ታዟል፣ ስቬታንም ከሥራዋ አሰናብተዋታል። አቶ ሳዲያ ሳቁ፣ ሬይናም እያለቀሰች ሳቀች። ደረጃው በሳቅ ተሞላ።

ትዋበች አልሳቀችም። ጥርስ ወጣ ማለት በለጠ አለ ማለት አይደለም። መርዶው ሐሰት ሆነ እንጂ ደህንነቱ አልተነገራት። ሰባተኛው ቀን ያው ሰባተኛ ቀን ነው። እንዲያውም ባሰባት፤ አንዴ የጮኸች አፍ ሟርት ናት ብላ ፈራች። የፈሩት ይደርሳል ይሉ የለ?

ጎረቤቶቿ ብቻዋን ሊተዋት አልቻሉም። ተከትለዋት ገቡ። ስቬታ ከላይ ቀይ ሾርባዋን ከነድስቱ አወረደች። አቶ ሳዲያ ትናንት የሠሩትን መረቅና በጠርሙስ የመቱትን ሂልቤ ይዘው መጡ። እትዬ ማሬ ሽሯቸውን አምጥተው፣ ከማታ የተረፈ ነው ብለው ለሁሉም ተናገሩ። ሬይና ያንኑ ስንዴ ጠረጴዛው መሐል አስቀመጠች፤ አሁን ጨርቁን አንሥታለታለች። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል፣ የሁሉም ድስት እንፋሎት ተደባልቆ መስተዋቱን አልብሶታል፣ ሕፃኗ አዲሲቷን ጥርሷን በማንኪያ ጠርዝ ላይ ትሞክራለች። ለትዋበች ሁሉም ቀዱላት። ሳህኗ ሞልቶ በፊቷ በረደ።

«አንድ ጉርሻ» አሏት እትዬ ማሬ።

«እትዬ ማሬ፣ ይተዉኝ። ልጄ ምን እንደበላ አላውቅም።»

ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው። ሁሉም ማንኪያውን አስቀመጠ። ትዋበች ስልኩን አየችው፣ አላነሣችውም። ደግሞ ጮኸ። እትዬ ማሬ አንሥተው መዳፏ ውስጥ አስቀመጡላት።

«ሃሎ» አለች። ደገመችው።

የነፋስ ድምፅ ሰማች። የመኪና ሞተር ሰማች። ከዚያ «እማ» አለ።

ደህና ነህ ወይ ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። መልሱን ታውቀዋለች፤ ያንን የጠላችውን ቃል ነው የሚሰጣት። ትንፋሹን አዳመጠች። እሱም ቃሉን ፈልጎ ያጣው ይመስላል።

«እማ» አለ ቆይቶ፣ በአማርኛ፣ እንደ ሕፃንነቱ። «ርቦኛል።»

ትዋበች ከዚያ ወረቀት ወዲህ ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም። ሙት አይራብም፤ ሌላ ማስረጃ አያሻትም።

«ወጥተናል። የሰው ስልክ ነው፣ ልመልስ ነው» አላት። «ዓርብ እመጣለሁ። ምን ጫጫታ ነው እዚያ? ማነው ያለው?»

«ጥርስ ወጣ» አለች።

«የማን ጥርስ?»

መስመሩ ተቋረጠ። ሁሉም ፊቷን ያያል፤ ሬይና ጨርቁን በእጇ ጨምድዳ ይዛለች።

«ርቦታል» አለቻቸው ትዋበች።

ከዚያ የስንዴውን ሳህን ወደ ራሷ ስባ፣ ካፖርቷን እንደለበሰች፣ መብላት ጀመረች። እንባዋ እየወረደ ሳህኑ ውስጥ ይገባል። ሦስት ማንኪያ ከዋጠች በኋላ ቀና ብላ ሬይናን አየቻት።

«ስኳሩ በዝቷል» አለች። ማንኪያውን ግን አላስቀመጠችም።