እምቢ ያልነው ዓሣ

አባቴ በአልዌሮ ግድብ ሥራ ላይ ሾፌር ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴን፣ ታናሽ ወንድሜንና እኔን ገልባጭ መኪናው ላይ ጭኖ ከጋምቤላ ወደ አቦቦ ይወስደናል። ዝናብ ከጣለ መንገዱ ግማሽ ቀን ይበላል፤ እኔና ወንድሜ ግን ለጭቃው ግድ አልነበረንም። ልባችን ያለው መንገድ ዳር ካለው ምግብ ቤት ነው።

ምግብ ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ማንጎ ዛፍ ሥር የቆመ የሣር ክዳን ቤት፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ በጭስ የጠቆረ የሊቀመንበሩ ፎቶግራፍ፤ በቃ። ለእንግዳ የሚሸጠው ሽሮ ብቻ ነው። ባለቤቷ አኙዋክ ናት፤ አባቴ ሁልጊዜ ከከተማ ጨውና ሳሙና ያመጣላታል። እሷም ውለታውን ለመመለስ ወንድሞቿ ከአልዌሮ ወንዝ ያጠመዱትን፣ ለቤቷ የጠበሰችውን ዓሣ ይዛ ትመጣለች። የዚያ ዓሣ ሽታ! ከተማም የባሮ ዓሣ እንበላ ነበር፤ እንደዚህ ግን አይሸትም።

ችግሩ እናቴ የጎሬ ልጅ መሆኗ ነው። በእናቴ ሕግ ምግብ ሲቀርብልህ መጀመሪያ «አሁን በልተን መጣን» ትላለህ። ሲደግሙህ «ኧረ አይቸገሩ» ትላለህ። «በሞቴ» ብለው ሲማጸኑህ፣ ያኔ «እንግዲህ ካሉማ» ብለህ እጅህን ትታጠባለህ። ቀድሞ እጁን የሰደደ ልጅ ጭኑ በቁንጥጫ ይጠቁራል።

«ዓሣ አለ። ብሉ» አለች ባለቤቷ መጀመሪያ ቀን።

«ኧረ ጠግበናል፣ እግዜር ይስጥልን» አለች እናቴ፣ ለመለመን እየተመቻቸች።

«ጠገባችሁ? ጥሩ።»

ሳህኑን ይዛ ሄደች። ከወንድሞቿ ጋር ተቀምጣ እዚያው ዓይናችን እያየ በላችው። እሷ ዘንድ ጠገብኩ ያለ ሰው ጠግቧል፤ የጠገበን ሰው ብላ ብላ እያሉ ማስጨነቅ ደግሞ ነውር ነው። የእናቴ ፈገግታ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። ወንድሜ ማልቀስ ሲጀምር «ጥርሱን አሞት ነው» አለች።

መኪና ውስጥ ንዴቷ ወጣ። «አንዴ ብቻ ብሉ ብላ ትሄዳለች? ምን ዓይነት ሰው ናት?»

«እሺ በያት እንግዲህ» አለ አባቴ።

«ምን ቆርጦኝ! የራበኝ ይመስላታል።»

«አልራበሽም?»

በሚቀጥለው ጉዞም ይኸው፤ ከዚያ በኋላም ይኸው። በመጨረሻ ነገሩን ራሴ ለመፍታት ቆረጥኩ። ውሃ ጠማኝ ብዬ ወደ ማብሰያ ቤቱ ገባሁና «እትዬ፣ እማዬ ጠግበናል ስትል እውነቷን አይደለም። ሦስቴ ይለምኗት» አልኳት።

«ውሸት ነው?»

«ውሸት አይደለም፤ ጨዋነት ነው» አልኩ ኮራ ብዬ።

በሩን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ዓሣውን ይዛ ወጣችና እናቴ ፊት ቆማ፣ በአንድ ትንፋሽ «ብሉ ብሉ ብሉ!» አለች።

እናቴ ደነገጠች። ሕጓ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። «ኧረ... በልተናል» አለች።

«ሦስቴ ብያለሁ» አለችኝ ባለቤቷ ወደ እኔ ዞራ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሳህኑም ሄደ። የዚያን ዕለት ቁንጥጫ አልነግራችሁም።

ከዚያ አባቴ ወደ መቱ ተዛወረና ልንሰናበታት ሄድን። እንደወትሮዋ ሳህኑን ይዛ መጣች፤ ዓሣው ከእስከዛሬው ሁሉ ይበልጣል። «ብሉ» አለች፣ አንዴ ብቻ።

ሁላችንም እናቴን አየናት። አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው፣ እንደገና ከፈተችው።

«ርቦኛል» አለች።

አባቴ ትን አለው። እናቴ እጇን ሳትታጠብ ጀመረች። ባለቤቷም አጠገቧ ተቀመጠችና ከአንድ ሳህን ይበሉ ጀመር። እናቴ አጥንቱን ትመጠምጣለች፣ ዘይቱ እስከ ክንዷ ይወርዳል፣ ቀና አትልም። እንዲህ ስትበላ አይቻት አላውቅም። ከሁላችን ይልቅ ያንን ዓሣ ስትመኝ የኖረችው እሷ እንደሆነች ገባኝና አንጀቴን በላችው።

ባለቤቷ ወደ እኛ ዞረች። «እናንተስ? ብሉ።»

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ወንድሜ፣ በደንብ የተቀጣ ልጅ ነውና፣ ቀጥ ብሎ «ጠግበናል፣ እግዜር ይስጥልን» አለ።

«ጥሩ» አለች።

እናቴ ቀና ብላ አየችን። ልታድነን ትችል ነበር። አፏ ሙሉ ስለነበረ ነው መሰለኝ፣ ዝም ብላ መብላቷን ቀጠለች።