አቋራጩን የተውኩበት ቀን

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ከዚያ ወዲህ ብዕር የያዝኩት ለመፈረም ብቻ ነው። እንኳን መጻፍ፣ ሰው በተሰበሰበበት መናገርም አይሆንልኝም። ባለፈው ሳምንት ግን የማኅበራችን ልጆች በጫካው መንገድ ዳር ያሉትን ድንጋዮች ቢጫ ቀለም ሲቀቡ፣ አንዷ አዲስ ገቢ ይህ መንገድ እንዲህ ዞሮ እንዲገጥም ያደረገው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም እንደ ልማዴ ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብ አድርጌ ዝም አልኩ። ቤት ስገባ ዝምታዬ ቆጨኝ። አፌ እምቢ ያለውን እስቲ እጄ ይሞክረው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

መንደራችን ከደብረ ማርቆስ ወደ አምበር ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ከጀርባው ቤተ ክርስቲያኑን የከበበ የቆየ ጫካ አለ፤ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባ። ውስጡ ሁለት ሐይቆች አሉ። እኛ ትንሹ ባሕርና ትልቁ ባሕር እንላቸዋለን። ያኔ፣ እኔ ገና ልጃገረድ ሳለሁ፣ የቀበሌው ወጣቶች ጫካውን ለከተማ እንግዶች እናሳይ ብለው ማኅበር አቋቋሙ፤ እንግዳ የሚመራም አንድ ሰው ፈለጉ። ለሥራው የቀረብነው ሁለት ነበርን። ሙሉቀን አሥረኛ ክፍል የጨረሰ፣ አንደበቱ የተፈታ ልጅ ነው። እኔ የማውቀው ጫካውን ብቻ ነው። ሁለታችንም በየተራ እንግዳ ወስደን እንድንፈተን ተባለ።

ወንድሜ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ከተማ ሰው ቤት ገብቼ እንድሠራ ከአንዲት ሴትዮ ጋር ተነጋግሮ ጨርሶ ነበር። ሥራውን ካገኘሁ እቀራለሁ፤ ካላገኘሁ ጓዜን ጠቅልዬ እሄዳለሁ። ማርቆስን ጠልቼ አይደለም። ድሮም ድምፄ አነስተኛ ነው፤ የሰው ጓዳ ገብቼ ጨርሶ እንዳይጠፋ ነው የፈራሁት።

ጥቅምት ነበር። ሰማዩ ከክረምቱ ታጥቦ የወጣበት፣ ገብሱ ጫፍ ጫፉ ቢጫ መምሰል የጀመረበት ጊዜ። ሙሉቀን እንግዶቹን ወስዶ ተመሰገነ። በሳምንቱ ቅዳሜ ተራዬ ደረሰ። የመጡልኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ ማርቆስ ለብዙ ዓመት ያስተማሩ፣ ጡረታ የተቃረቡ፣ እትዬ ብርሃኔ የሚባሉ ወፍራም ሴት፤ ምርኩዝ ይዘዋል። ሌላው ከደሴ ተመድቦ የመጣ የግብርና መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ከድር የሚባል ቀጭን ሳቂታ ሰው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጌትነት ከትምህርት ቤቱ በር ሸኘንና ጫካውን አሳይቼ እዚያው እንድመልሳቸው ነገረኝ።

ሽቅብ ገና ስንጀምር የእትዬ ብርሃኔ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ሰማሁ። አንጀቴ አልቻለም። እኛ ዘንድ እንግዳን ማክበር ድካሙን መቀነስ ነው። መንገደኛ ጠይቆህ ረጅሙን ካሳየኸው ጠልተኸዋል ማለት ነው። ስለዚህ ትልቁ ዝግባ ጋ ስንደርስ፣ መንገዱ ወደ ሐይቆቹ በሚታጠፍበት፣ እኔ ወደ ግራ ከብቶች በሚያቋርጡበት ወረድኩ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም፤ ቅርንጫፍ እየያዝኩላቸው፣ እሾህ እየገፋሁላቸው ሄድኩ። ጌትነት ለእንግዶቹ ያዘዘው ሻይ ገና ሳይፈላ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ደረስን። እንዲህ ቶሎ ያደረሰ የለም ብዬ በልቤ ኮራሁ።

እትዬ ብርሃኔ ዙሪያቸውን አዩ። «ደርሰን ነው?»

«አዎ እትዬ። እንዳይደክሙ በአቋራጭ አመጣሁዎ።»

«ሐይቁስ?»

«ሐይቁማ ሩቅ ነው። ተውኩልዎ።»

ከድር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ጌትነት ግን አልሳቀም። ፊቱ ጠቁሮ እንግዶቹን ይቅርታ ጠየቀና ሙሉቀንን የሚጠራ ሰው ላከ። እኔ በሐሳቤ ጓዜን እየቋጠርኩ ነበር። እትዬ ብርሃኔ ሻያቸውን ቆመው ፉት አሉና ምርኩዛቸውን አነሡ። ሙሉቀን ይቅር፣ ይቺው ልጅ ትውሰደን አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ስሚ የኔ ልጅ፣ እኔ ልደክም ነው የመጣሁት። አትዘኝልኝ።»

ልደክም ብሎ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ያን ቀን ገና አየሁ። ቢሆንም እንደገና ተነሣን። ይህ ወዴት ይወስዳል፣ ያኛውስ እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር፤ መልሱን ስለማውቀው ድምፄ ሳላስበው ወጣ። ይህ የውሃ መንገድ ነው፤ እናቴ እዚህ ጋ እንስራ ሰብራ አባቴን ፈርታ እስኪመሽ ቤት አልገባችም። ያ ሴቶች ለኪዳን የሚሄዱበት ነው። ጫካው በሙሉ መንገድ ነበር፤ ግን እያንዳንዱ ለአንድ ጉዳይ ሄዶ የሚመለስ እንጂ ዞሮ የሚገጥም አልነበረም።

ትንሹ ባሕር ደንገል ውስጥ ተሸሽጎ ዳክዬዎቹ ብቻ ሲንጫጩ ይሰማል። እዚያ ጥቂት ቆይተን ወደ ትልቁ ስናቀና ጎረቤታችን እማማ ጥሩነሽ ከአምበር ገበያ ሲመለሱ አገኙን፤ ያልተሸጠች ዶሮ ታቅፈዋል። ከሰላምታው በኋላ እንደ አገሩ ደንብ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁ። ሐይቁን ዞረን ትምህርት ቤቱ ጋ እንደምንመለስ ነገርኳቸው።

«ከየት ተነሥታችሁ?»

«ከትምህርት ቤቱ።»

ዶሮዋን ወደ ሌላው ብብታቸው አዛወሩ። «እና ምነው እዚያው ብትቀመጡ?»

ከድር ይህችን ቃል በየዳገቱ እያነሣ ሳቀባት። ዳገት በመጣ ቁጥር ቆም ይልና «ምነው እዚያው ብንቀመጥ ኖሮ» ይላል።

ትልቁ ባሕር ጥልቅ ገበታ ውስጥ እንዳለ ውሃ ጸጥ ብሎ ጠቁሯል። ዳሩ ላይ ተቀምጠን ቀቅዬ የያዝኩትን ድንች ልጠን በሰናፍጭ በላን፤ እነርሱም ዳቦና ቆሎ አወጡ። ከሐይቁ አጠገብ ካለ ማሳ ዳር የባቄላ እሸት ቀጠፍን፤ መንገደኛ ለአፉ ያህል ቢቀጥፍ ባለቤቱ አይቆጣም። የቀጋው አበባ ረግፎ ፍሬው ቀልቷል። እትዬ ብርሃኔ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩና ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ያ ዝምታ አላስጨነቀኝም፤ የሰው ዝምታ እንዲህ ሳያስፈራኝ ሲቀር የመጀመሪያዬ ነበር።

ለመመለስ ስንነሣ ከድር ያየሁትን መንገድ ደግመሽ አታሳዪኝ አለ። ቆምኩ። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው የማገዶ እንጨት መንገድ ነው፤ እኛ ሴቶቹ ልጆች ከጫካ ጠባቂው የምንደበቅበት፣ በገደሉ አፍ አድርጎ ወደ መንደር የሚወርድ። ወደ ትምህርት ቤቱ ይወጣ እንደሆነ አላውቅም። ቢጠፋብኝ ሁለተኛ የሚያስነሣኝ የለም። ቢሆንም በዚያው መራኋቸው።

ገደሉ አፍ ስንደርስ ጫካው በድንገት አለቀ። በአንድ ወገን የጮቄ ተራራ ደመና ተከናንቧል፤ በሌላው በኩል መሬቱ እየወረደ ሄዶ የዓባይ በረሃ በሰማያዊ ጉም ተሸፍኗል፤ መካከሉ ላይ የገብሱ ቢጫ፣ የጤፉ አረንጓዴ፣ ከሩቅ የማርቆስ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። እንግዶቹን ረስቼ ፈዝዤ ቀረሁ።

«ምን ሆንሽ? ስንቴ ያየሽው አይደለም?» አሉኝ እትዬ ብርሃኔ።

«እንዲህ አይቼው አላውቅም እትዬ።»

«እንዴት?»

«እንጨት ተሸክሜ ነበራ።»

የዚያን መንገድ ድንጋይ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፤ ጎንብሼ ነውና የምሄደው። ቀና ብዬ ግን አልፌበት አላውቅም። እትዬ ብርሃኔ ትከሻዬን ይዘው አጠገቤ ቆሙ፤ ከድርም መጥቶ ከጎናችን ቆመ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ የት እንደሚያወጣን እያሰብኩ ነበር። መንገዱ ግን ቤት የሌለበት ማሳ አቋርጦ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ አወጣን። ጀምበር አዘቅዝቃለች። ጌትነት እጁን አጣምሮ ይጠብቃል፤ ወንድሜም ነገሩን ሰምቶ መጥቶ አጠገቡ ቆሟል። እንግዶቹ ከጌትነት ጋር ወደ ውስጥ ገቡ። እኔ በር ላይ ቀርቼ ከቀሚሴ ጭጎጎት ስለቅም ወንድሜ ምን እንዳጠፋሁ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት።

ዛሬ በዚያ መንገድ ብዙ ሰው ይሄዳል፤ ያልባል እንጂ ማንንም አይጥልም። አሁንም ትንፋሹ ያጠረ እንግዳ ሳይ እግሬ ወደ ከብቶቹ መውረጃ ሊታጠፍ ይቃጣዋል፤ ከልማድ ጋር መታገል ቀላል አይደለም። እንጨት የተሸከሙ ልጆች ገደሉ አፍ ላይ ሳገኝ ግን ሸክማችሁን አውርዳችሁ እረፉ እላቸዋለሁ። ለምን እንደሆነ አልነግራቸውም፤ ካወረዱ በኋላ ራሳቸው ያዩታል።

እትዬ ብርሃኔ ውስጥ ገብተው ለጌትነት ምን እንዳሉት እስከ ዛሬ አላውቅም። እርሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅኩት። የሰማሁት እንግዶቹ የመጡባት መኪና ተነሥታ እንደገና ስትቆም፣ መስኮቱን አውርደው ጌትነትንም ወንድሜንም አልፈው ለእኔ የተናገሩትን ነው።

«የሚመጣው ቅዳሜ እኅቶቼን ይዤ እመጣለሁ። ሌላ ሰው ቆሞ ቢጠብቀኝ ከመኪና አልወርድም፤ ሰማሽ?»