ከአፌ ዘግይቶ የሚመጣው ፊደል

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ይህን የምለው ሰው እንዲያጨበጭብልኝ አይደለም፤ መጠቆሚያው ዱላ እንዴት እጄ ላይ እንደቀረ ለማስረዳት ነው። ያስተማረችን መምህርት ዝውውር አገኘችና ሄደች። ተተኪ ይላካል ተባለ፤ አልተላከም። ከዚያ ክፍል ከወጣነው ውስጥ ጋዜጣ ይዤ ብዙም ሳልደናቀፍ የምወርደው እኔ ስለነበርኩ፣ "እስከዚያው አንተ ያዛቸው" አሉኝ። እስከዚያው የሚባለው ነገር እኛ ዘንድ መጨረሻ የለውም። ይኸው እንደያዝኳቸው ነኝ።

ክፍላችን አዲስ ከተማ ባለ አንድ የወጣቶች ማዕከል ውስጥ ነው። ቅዳሜና እሁድ ወጣቶቹ ኳስ ያዩበታል፤ በአዘቦት ቀን ከሰዓት እኛ እንገባበታለን። ተማሪዎቼ ገበያ የሚውሉ ሴቶች፣ ዘበኞች፣ ከከተማችን ሐይቅ ዳር ዓሣ የምትሸጥ አንዲት ምላሰኛ፣ ደግሞም ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡ፣ እማማ የምንላቸው ሽንኩርት ሻጭ ናቸው። እማማ አማርኛ የለመዱት እዚሁ ገበያ ውስጥ ነው። ሲቆጡ ሲዳምኛው ቀድሞ ይወጣል።

ፊደል ለምን እንደፈለጉ የመጡ ዕለት ነገሩን። ስልክ አላቸው። ልጆቻቸው በየከተማው ተበትነዋል፤ ስማቸውን አንዱ በአማርኛ መዝግቦላቸዋል። ገበያው ጫጫታ ስለሆነ ስልኩ ጮሆ ያልፋቸዋል። ያመለጣቸው ጥሪ የማን እንደሆነ ለማወቅ ጎረቤት ዘንድ ይዘውት ይሄዳሉ።

"የታመመችዋ ልጄ ትሁን፣ የተጣላኝ ልጄ ይሁን፣ መጀመሪያ የምታውቀው ጎረቤቴ ናት" አሉ። "እኔ እናታቸው ሁለተኛ ነኝ። እንዲህ እያልኩ ልሙት?"

ማንም አልሳቀም። እኔማ ገብቶኛል። የራሴን ጉዳይ ሌላ ሰው ቀድሞኝ እያወቀው ነው ግማሽ ዕድሜዬን የኖርኩት። አንብቦልኝ ሲያበቃ ፊቱ ላይ የሚያርፈውን የአዋቂ ርኅራኄ እስካሁን እጠላዋለሁ።

እማማ ቶሎ ያዙት። ዱላዬን ሰሌዳው ላይ ሳስኬድ ሀ ሁ ሂ ሃ ብለው፣ በዜማ፣ አንዲት ሳይስቱ ከሁሉም ቀድመው ይወርዱታል። ዓሣ ሻጯ፣ "እማማ በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት ተደብቀው ገብተዋል" ትላለች። "እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ምን ቄስ ያውቀኛል!" ይሏታል። ክፍሉ ይስቃል። እኔም በሆዴ ኮራሁ። ኩራት እንደማይበጀኝ ማወቅ ነበረብኝ።

ክረምቱ እንደወጣ ተከዙ። "ሰሌዳው አይታየኝም። ዓይኔ ደከመ። ልተወው ነው" አሉኝ። የፊት ወንበር ሰጠኋቸው፤ ያው ነው። ሰሌዳውም እውነት ለመናገር ገርጥቷል፣ ጠመኔውም ዱቄት ነው። ቢተዉ ጥፋታቸው አይሆንም። ግን ነገሩ አላስተኛኝም። ግድግዳው ላይ ለኳስ የተሰቀለ ትልቅ ቴሌቪዥን አለ። እሱ ላይ ሰፌድ የሚያክል ፊደል ቢወጣ ሴትዮዋ እንዴት ሳያዩት ይቀራሉ?

የማዕከሉ ኃላፊ ልጅ እግር ነው። ሄጄ ጠየቅሁት።

"ጋሼ፣ ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ጠፍቷል" አለ። "ኢንተርኔቱም ከተቋረጠ ቆየ። ሪሞቱን ከፈለጉ ይውሰዱ፤ ብቻ እንዳይሰብሩት።"

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ዕቃ ተሸክሜ አውርጄያለሁ። ሪሞት እንዳልሰብር ተመክሬ ወጣሁ።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ያረጀ ላፕቶፕ አላት። ስነግራት ሳቀችብኝ።

"አባዬ፣ ኢንተርኔት ምን ያደርግልሃል? ላፕቶፑና ቴሌቪዥኑ እርስ በርሳቸው እኮ ነው የሚነጋገሩት። ዋይፋዩ ይብራ እንጂ።"

"ኢንተርኔት የሌለው ዋይፋይ?"

"ሬዲዮ በለው። አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ይሰማል።"

ቤታችን ባለው ቴሌቪዥን አሳየችኝ። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ላይ ስክሪን ማጋሪያውን በሪሞት መክፈት፤ እንዲሰማ ጆሮውን ማስነሳት ማለት ነው። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ የመስኮት ምልክት ያለበትን ቁልፍና ኬ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ላይ መጫን። የቴሌቪዥኑ ስም ሲመጣ እሱን መንካት። ስሙ በእንግሊዝኛ ነው። "ቅርጹን ያዘው" አለችኝ። ቅርጽ መያዝ! ከዚህ አመለጥኩ ብዬ አልነበር? ያዝኩት፤ ምን ላድርግ። ፊደሎቹን እሷው ጻፈችልኝ፤ በአንድ ገጽ አንድ ፊደል፣ በተራቸው ሳይሆን አደባልቃ።

ክፍል ገባሁና ላፕቶፑን ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። ቁልፎቹን ተጫንኩ። አንዲት ክብ ነገር መሽከርከር ጀመረች። ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፣ ስም የለም። ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፤ ያው ነው። ክፍሉ ሙሉ እጄን ያያል። ሰው እጄን ሲያየኝ ያ የጥንቱ ነገር ይነሳብኛል፤ ፈርም ተብሎ እስክሪብቶ የሚሰጠኝ ቀን።

"ጋሼ" አለች ዓሣ ሻጯ፣ "ቴሌቪዥኑም እንደኛው ፊደል አልቆጠረም መሰለኝ።"

"አፍሽን ያዢ።"

"ከእኛ ጋር ይቀመጥና ይማር እንጂ!"

ሳቁ ሲያበቃ ቀና ብዬ ቴሌቪዥኑን አየሁ። ገና ጣቢያ የሚያሳየው የአንቴናው ገጽ ላይ ነው። ጆሮውን ሳላስነሳ ነው ስጮህበት የቆየሁት። ሪሞቱን አንስቼ ማጋሪያውን ከፈትኩ፣ ቁልፎቹን ዳግም ተጫንኩ፣ ያ የያዝኩት ቅርጽ ብቅ አለ። ነካሁት። ቴሌቪዥኑ ላይ ቁጥር ወጣ፤ ላፕቶፑ ላይ ጻፈው ማለቱ ነው። ቁጥርስ ከፊደልም በፊት አውቅ ነበር። ጻፍኩት። ግድግዳው ጠቆረ፣ ከዚያ በራ። ሰ፤ በር የሚያክል ሰ።

እልል አሉ። እማማም አጨበጨቡ። "አሁን ታየኝ!" አሉ። ያን ቃል ስሰማ እግሬ መሬት አልነካም።

አካሄዴ የድሮው ነው። እኔ እላለሁ፣ እነሱ ይደግማሉ። ቁልፉን ተጭኜ "ቀ!" አልኩ። እማማ ከሁሉም ቀድመው "ቀ!" አሉ። ሌሎቹ ግን ዝም ብለው ግድግዳውን ያያሉ። ዞር ብዬ ባይ ግድግዳው ላይ ያለው ሰ ነው። ከዚያ ቀ መጣ፣ እነሱም "ቀ" አሉ። ለካ ያለ ገመድ ሲሆን ግድግዳው ከእጄ ወደኋላ ይቀራል፤ አንድ ትንፋሽ ያህል።

 ቀጠልኩ። "ተ!" አልኩ። እማማ "ተ!" አሉ፤ ግድግዳው ላይ ገና ቀ ነው። ይህን ጊዜ ዓይናቸውን አየሁት። ግድግዳው ላይ አልነበረም። አፌ ላይ ነበር።

ነገሩ ሁሉ ባንዴ ዞረብኝ። ያ ሁሉ ዜማ፣ ያ ሁሉ መቅደም። ተራውን በቃላቸው ይዘውታል፤ ከተራው ሲወጣ ደግሞ ከንፈሬን ይከተላሉ። ፊደሏን ብቻዋን አንድ ቀንም አይተዋት አያውቁም።

አፌን ዘጋሁና ቁልፉን ተጫንኩ። ለ መጣች። ከሀ ቀጥላ የምትመጣዋን፣ ወራት ሙሉ ያዜሟትን ለ ማለቴ ነው። ሁሌ እማማ ስለሚጀምሩ ክፍሉ እሳቸውን ይጠብቃል።

"እማማ፣ ይቺ ማን ናት?"

"ቆይ... ዓይኔ..."

"ሰፌድ ታክላለች እኮ።"

"ጋሼ፣ ይለፉት" አለች ዓሣ ሻጯ ዝቅ ባለ ድምፅ። ያቺ ምላሰኛ እንኳን ገብቷታል። እኔ ግን ማለፍ አልችልበትም።

"ዓይንዎ ደህና ነው" አልኳቸው። "እስካሁን ሲያነቡ የኖሩት አፌን ነው።"

እማማ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። መጀመሪያ በሲዳምኛ አንድ ነገር አሉኝ፤ ምን እንደሆነ ባልተረጉመው ይሻላል። ከዚያ በአማርኛ፣ "አንተ ልጅ፣ ጎረቤቴ እንኳን ስልኬን የምታነብልኝ በር ዘግታ ነው" ብለውኝ ወጡ።

ማታ እራት አልወረደልኝም። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ግቢውን ዞርኩት። ውሸት ተናገርኩ? አልተናገርኩም። በዜማ እያታለልኩ ላኑራቸው? ልጄ መንጎራደዴ ሰልችቷት ኖሮ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

"አባዬ፣ ፊት ለፊት ምን ትሠራለህ?" አለች። "ገመድ የለውም እኮ። ላፕቶፑን ይዘህ ከኋላቸው ተቀመጥና ዝም በል።"

በነጋታው ገበያ ሄድኩ። እማማ ሽንኩርት ይመድባሉ።

"ምን ልትገዛ ነው?"

"ምንም።"

"እንግዲያው ከፊቴ ዞር በል፣ ገበያተኛ አትከልክለኝ።"

አልሄድኩም። ሽንኩርቱን ትተው አዩኝ። "የተጣላኝ ልጄ ደውሎ ነበር" አሉ። "ጎረቤቴ አገሯ ሄዳ የሚያነብልኝ አጣሁ። ስትመለስ አነበበችልኝ፤ ደወልኩለት። 'ሆን ብለሽ ነው ያላነሳሽው' ብሎ ዘጋብኝ። ምን ልበለው? ስምህን አላውቀውም ልበለው?"

 "ከኋላ ነው የምቀመጠው" አልኳቸው። "አፌን አያዩም፣ እኔም ፊትዎን አላይም። ማንንም በስሙ አልጠራም። የልጅዎን ስም ይንገሩኝ፤ እሱን ነው የምጽፈው፤ ፊደሉን አንድ በአንድ፣ ከሌላው ጋር ቀላቅዬ።"

"ለመሳቂያ ነው የምትፈልገኝ?"

"የሚስቅ ሰው ከክፍሉ ይወጣል።"

"የምትስቀዋን አውቃታለሁ" አሉና ፊታቸውን ወደ ሽንኩርቱ መለሱ።

መጡ። ዘግይተው፣ ማንንም ሰላም ሳይሉ፣ የፊት ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እኔ መጨረሻው ግድግዳ ሥር ነኝ፤ ላፕቶፑ ጉልበቴ ላይ ነው፤ የማየው ማጅራትና ሻሽ ብቻ ነው። ቁልፉን ተጫንኩ። ግድግዳው አንድ ትንፋሽ ቆይቶ ፊደል አወጣ፤ መ። አንዳንዱ አጉተመተመ። እማማ ዝም አሉ። አፌ ሊከፈት ሲል በእጄ ያዝኩት።

"መ" አሉ እማማ። ዜማ አልነበረውም። ደረቅ፣ ተራ ድምፅ ነው።

ሌላ ተጫንኩ። ይህንኛውን ተሳሳቱ፤ ተመልሰው አገኙት። ሦስተኛው የልጃቸው ስም መሐል ያለው ፊደል ነው። እያዩት ብዙ ቆዩ።

"ይቺን አላውቃትም" አሉ።

አላውቅም ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ዓሣ ሻጯ ልትነግራቸው ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

"አትንገሪኝ!"

ተነስተው ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዱ። ብርሃኑ ሻሻቸውን ከበበው። ጣታቸውን አንስተው በፊደሏ ጀርባ ላይ ወረዱ፣ እግሯ ጋ ደረሱ፣ እንደገና ከላይ ጀመሩ። በለሆሳስ ያጉተመትማሉ፤ ይሞክራሉ፣ ይተዋሉ። ላፕቶፑ ሥራ ሲፈታ ይጠፋል፤ እንዳይጠፋ በየትንሹ ጣቴን አንቀሳቅሳለሁ። ልቤ ለመናገር ይቸኩላል። ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ።

"እንዳትለውጣት" አሉ ሳይዞሩ።

አልለወጥኳትም።