ከክፍሉ የወጣው ዘፈን

አራታችንም ያደግነው አንድ ኳየር ውስጥ ነው፤ የሠራነው ሙዚቃ ግን ለቤተ ክርስቲያንም ለመጠጥ ቤትም የማይመች ሆኖ ቀረ። ጊታሩና ድራሙ ቆርቆሮ ያንቀጠቅጣሉ፤ ዘፋኛችን ደግሞ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው በዝግታ ይዘፍንበታል። አምቦ ውስጥ የሚሰማን አልነበረም። እኔ ቤዝ ስለምመታ ጭራሽ ልብ የሚለኝም የለም። ይሄ ያንገበግበኝ ነበር፤ ምን ያስዋሸኛል?

የምንለማመደው ዘፋኙ ቤት፣ ጓሮ ባለች ክፍል ነው። አባትየው ጎረቤት እንዳይረበሽ ብለው ግድግዳውን በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፈኑልን። ስንጀምር ዱካቸውን ይዘው በር ላይ ይቀመጣሉ፤ ስንጨርስ "ጃባዳ፣ በርቱ!" ይሉናል። ደግ ሰው ነበሩ፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ራሱ ላይ እጃቸውን ጭነው ይጸልዩለታል። እኚሁ ደግ ሰው ለቀበሌው ዝርዝር ይጽፉ ነበር፤ የማን ልጅ ሰልፍ ወጣ፣ የማን ቤት እንግዳ አደረ። ሰፈሩ ይጠረጥራል እንጂ አያውቅም። ልጃቸው ግን ዝርዝሩን በዓይኑ አይቶታል።

ዘፈኑን የሠራው ያኔ ነው። ስም የለበትም። ጠዋት በጎረቤት ልጅ ራስ ላይ ተጭኖ የሚጸልይ፣ ከሰዓት የዚያኑ ልጅ ስም ስለሚጽፍ እጅ ነው የሚዘፍነው። ቀድተን ስንጨርስ፣ "ይሄ ከዚህ ክፍል አይወጣም" አለን። "አባቴን መጥላት ስላቃተኝ ነው የሠራሁት። ከወጣ ይገድሉታል።"

አባትየው እንደወትሯቸው በር ላይ ነበሩ። ግጥሙን ሰምተው እንደሆነ አላውቅም፤ በእግራቸው ምቱን ሲከተሉ ግን አይቻለሁ።

በማግስቱ ዘፈኑን የቀዳንበትን ሜሞሪ ካርድ ኪሴ ከትቼ ስወጣ አባትየው ቀና ብለው እጄን አዩ፣ ከዚያ "ደኅና ዋል ልጄ" አሉኝ። ኢንተርኔት የተቋረጠበት ጊዜ ስለነበር አዲስ ዘፈን የሚገኘው ሜሞሪ ከሚጭኑ ሱቆች ነበር። አንድ ሰው እንኳ ይስማን ብዬ አንዱ ሱቅ አስገልብጬ ካርዱን ቦታው መለስኩት። ስም የለበት፣ ማን ያውቀዋል አልኩ። ትንሽ ከተማ ውስጥ ተኖሮ እንዲህ ይታሰባል?

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ባኮ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ዘፈናችን ተከፈተ። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ "ይሄ የዚያ የኦቦ እንትና ልጅ አይደል?" አለች።

"ታዲያ እጁ የአባቱ ነዋ!" አለ አጠገቧ ያለው።

ረዳቱ ድምፁን ጨመረው፤ ሰው ሁሉ ግጥሙን ያዳምጥ ጀመር። ጉደር ላይ ወርጄ ተመለስኩ። ዘፋኙን ፈልጌ አገኘሁት፤ ልነግረው ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ። ደግሞስ ይረሱት ይሆናል አልኩ። ሁለት ቀን እንዲህ እያልኩ ዋልኩ።

በሦስተኛው ቀን የዘፋኙ ቤት በድንጋይ ተደበደበ። ስንደርስ መስኮቱ ረግፏል፤ እናትየው ግንባራቸውን በነጠላ አስረው ተቀምጠዋል። "ማል ታኤ? ምን ሆናችሁ?" የሚል ጎረቤት እንኳ አልመጣም። ዘፋኙ አባቱ ፊት አቁሞን፣ "ማነው ያወጣው?" አለ።

አባትየው እኔን ብቻ አዩኝ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ሰው ይወቀኝ ብዬ ነው። መደበቁ ሰለቸኝ።"

"እናቴንስ? እሷን አላሰብክም?" አለ ልጁ። ድምፁ ሲሰበር የሰማሁት ያን ቀን ነው። የስንቱን ልጅ ስም አሳልፈው የሰጡ ሰው የእኔን ዋጡት፤ እኔም ዝም ብዬ አስዋጥኳቸው።

በዚያው ሳምንት አባትየው ጊንጪ፣ ጭልሞ ጫካ ዳር ያሉ ዘመዶቻቸው ጋ ሄዱ። አባትና ልጅ ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም። በሁለተኛው ዓመት ማረፋቸው ሲሰማ ልጁ፣ "ራሱን ለማጽዳት እናቴን ያስደበደበ ሰው ነው" ብሎ ቀብር ሳይሄድ ቀረ። እኔ ሄጄ አፈር አለበስኳቸው።

በማግስቱ ልምምድ ላይ፣ "ትናንት የት ጠፋህ?" አለኝ።

"ራሴን አሞኝ" አልኩት። አመነኝ።