አጎቴ ያልወጣበት ደረጃ

ባለፈው ቅዳሜ ጎንደር፣ ቁስቋም አቀበት ላይ ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ፣ ሁለት ቱሪስቶች የብረት ምርኩዛቸውን ኮብልስቶኑ ላይ ቋ ቋ እያደረጉ በአጠገቤ አለፉ። ድምፁን ስሰማ ደሜ ፈላ። ሰዎቹ ምንም አላደረጉኝም። ግን ያ ድምፅ አንድ የልጅነት ቀኔን ይዞብኝ ይመጣል። ልንገርሽ።

ያኔ የምንኖረው ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ፀዳ ነበር። አባቴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ታላቅ ወንድሙ፣ አጎቴ፣ ከኮላ ድባ ወዲያ ባለች መንደር ገበሬ ነበር። ጎንደርን ያውቃታል፤ ጤፍና ሽምብራ ሊሸጥ ዕድሜ ልኩን ተመላልሶባታል። የነገሥታቱን ግንብ ግን ከአጥሩ ውጭ እንጂ ከውስጥ አይቶት አያውቅም። በዚያ ዓመት ከጥምቀት በኋላ ከሚስቱ ጋር መጣና አባቴን፣ «ሳልሞት አንዴ ከላዩ ወጥቼ አገሬን ልይበት» አለው። ጉልበቱን በሬ ረግጦት ስለነበር ያለ ምርኩዝ አይራመድም።

ጠዋት ሄድን። ሚስቱ ሹሩባዋን ቅቤ አጠጥታ በነጭ ሻሽ ሸፍናው ነበር። ታክሲው ውስጥ ያ የቅቤ ሽታ ከአጎቴ አዲስ ጋቢ ሽታ ጋር ተደባልቆ፣ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ።

የግንቡ በር ላይ የቆመ አንድ ወጣት አባቴን «ይግቡ» ብሎ አሳለፈው። አጎቴ ሲደርስ ግን ፊቱን አጠቆረ።

«አንተ፣ ዱላህን እዚህ አስቀምጥ። ዱላ ይዞ መግባት ክልክል ነው።»

አንተ አለው። ታናሹን እርስዎ፣ ታላቁን አንተ።

«ልጄ፣ ዱላ አይደለም፣ እግሬ ነው» አለ አጎቴ በቀስታ።

«አልኩህ እኮ።»

ይህን እያለ ሳለ ከኋላችን የመጡ ቱሪስቶች ጫፉ ብረት የሆነ ምርኩዛቸውን ቋ ቋ እያደረጉ ገቡ። ወጣቱ ፈገግ ብሎ እጅ ነሳቸው።

«የእነሱስ?» አልኩ።

አባቴ ክንዴን ያዝ አድርጎ፣ «ዝም በይ፤ ሕግ ነው» አለኝ።

የምን ሕግ? ከየት የመጣ ሕግ እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ክፍል ገብቶ ሲናገር ተማሪ አፉን ከፍቶ የሚያዳምጠው ሰው፣ ለወንድሙ አንድ ቃል አጥቶ ቆመ። ወጣቱን ይቅር ብዬው ይሆናል። ያን ዝምታ ግን አሁንም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

አጎቴ ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ የሚስቱን ትከሻ ይዞ ገባ። ባልና ሚስት በሰው ፊት መነካካት በማያውቁበት አገር ያደጉ ሰዎች ናቸው። እሷ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና፣ እሱ መሬት መሬቱን እያየ ጤዛ ያረፈበትን ሣር አቋረጡ። ደረጃው ጋ ሲደርስ ጥቂት እርከን ሞከረና ጉልበቱ ከዳው። ተቀመጠ።

«አያ፣ ላዝልህ» አለው አባቴ፣ ያኔ ገና አንደበቱ ተፈትቶ።

«ሙሽራ ነኝ እንዴ?» አለና ሳቀ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ «አንቺ ውጪ። አይተሽ ትነግሪኛለሽ» አላት።

«ያላንተ ምን ላደርግ?»

«ግድ የለሽም፣ ውጪ።»

ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። ከላይ ሲያዩት የደምቢያ ሜዳ ቢጫ ሆኖ ተዘርግቶ፣ ከወዲያው ጣና እንደ ጭስ ደብዝዞ ይታይ ነበር። እሷ የምታየውን በቃሏ የምታጠና ይመስል ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ስንወርድ አጠገቡ ቁጭ ብላ አንድ ሳታስቀር ነገረችው። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላታል።

ስንወጣ ወጣቱ ምርኩዙን በእግሩ ገፋ አድርጎ አሳየው። አጎቴ ጎንበስ ብሎ አነሳና «እግዜር ይስጥህ» አለው። በማግስቱ ቁስቋምን ልናሳያቸው አስበን ነበር፤ እሱ ግን «ከብቶቹ ይጠብቁናል» ስላለ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ከዚያ ወዲህ ጎንደር አልመጣም።

የሞተ ጊዜ ለልቅሶ ወረድን። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ጎረቤቱ የነበሩ ሽማግሌ ለለቀስተኛው ሲያወሩ ሰማሁ።

«ያን ግንብ ከላዩ ወጥቶ ጣናን እንዳየ ስንቴ አጫወተን። ወንድሜ ነው ደግፎ ያወጣኝ ይል ነበር። በሩ ላይም ሸጋ አድርገው ተቀበሉን ይል ነበር።»

አባቴ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ሽማግሌው ወደ አጎቴ ሚስት ዞሩና፣ «አይደለም እንዴ፣ እመት?» አሏት።

እሷ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ፣ «አዎ» አለች። «አብረን ነው የወጣነው።»