ጀርመናዊው የሣላቸው ሽሎች

ካሳንቺስ የማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ባዮሎጂ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ የቆየ ሥዕል ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ከሣለው የተቀዳ ነው፤ የዓሣ፣ የዶሮ፣ የአሳማና የሰው ሽል ጎን ለጎን። ሰውየው ሽል ሲያድግ የቅድመ አያቶቹን ታሪክ ይደግማል ባይ ነበር። በሥዕሉ መጀመሪያ ላይ አራቱም ቁርጥ አንድ ናቸው። ይህንኑ ለዓመታት አስተማርኩ፤ በቃ፣ እንጀራዬ ነው።

የመጀመሪያ ልጄ በሦስት ወሩ ሲጨነግፍብኝ እናቴ ልታስታምመኝ ከቄራ መጣች። ጎረቤቶች «እንኳን አንቺ ተረፍሽ፣ በልጅ ይካስሽ» እያሉ ገብተው ወጡ። እድር ለዚህ ድንኳን አይተክልም። እናቴም ገና ስትገባ፣ «ደም ነው የፈሰሰሽ። እንዳታለቅሺ፤ ላልተወለደ ማልቀስ ማሟረት ነው» አለችኝ። እሺ አልኳት። እንባውም አልመጣልኝም። አጥሚት ስትሰጠኝ እጠጣለሁ፣ ተኚ ስትለኝ እተኛለሁ። የምፈልገው ግን አንድ ሰው ልጅ ነበር እንዲለኝ ነበር።

ሥራ ስመለስ ያው ሥዕል ጠበቀኝ። የለመድኩትን ለፈለፍኩ። ከፊት የተቀመጠች ተማሪ «ቲቸር፣ የሰው የቱ ነው?» አለች። በጠመኔው ጠቆምኩ። ክፍሉ ሳቀ። ለካ የጠቆምኩት አሳማውን ነው። ምንም አልተሰማኝም። አርሜ ቀጠልኩ።

በእረፍት ሰዓት ለአንድ አንጋፋ የባዮሎጂ መምህር እንደ ቀልድ አወራሁት። የደረሰብኝን አያውቅም።

«አልፈርድብሽም» አለኝ። «ጀርመናዊው እንዲመሳሰሉለት ብሎ ልዩነታቸውን እየዘለለ ነው የሣላቸው። በዘመኑም ተወቅሶበታል። እውነተኛውን ሽል ብታዪ ገና ከጅምሩ ይለያያል።»

ሻዬን ጨርሼ ወደ ክፍል ገባሁ።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። ጫማዬን ሳላወልቅ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ደም አልነበረም። ከጅምሩም ሰው ነበር።»

ሰፌዱን ወደ ጎን አደረገች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ለቅሶ ቤት እንደምትሄድ ሰው አዘቅዝቃ ለበሰችው። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ወንድ ነበር ሴት?»

«አልነገሩኝም» አልኳት።

ያኔ አለቀስኩ። እናቴም ዝም በይ አላለችኝም።